ሕግ የተለወጠበት ሰው፦ ጆርጅ ማይካን ለምን ተረሳ?

የቅርጫት ኳስ ክለቡ ሎስ አንጀለስ ሌከርስ 17 የኤንቢኤ፣ ማለትም የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ዋንጫ አለኝ ይላል። ከእነዚህ አምስቱ ግን የሎስ አንጀለስን ፀሐይ አያውቋትም፤ ክለቡ በሚኒሶታ ግዛት በሚኒያፖሊስ ከተማ ሳለ በ1949፣ በ1950፣ በ1952፣ በ1953 እና በ1954 የተገኙ ናቸው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአምስቱም ዋንጫ የቡድኑ ምሰሶ 99 ቁጥር ለባሹ፣ መነጽራሙ ሴንተር (ቅርጫቱ አጠገብ የሚጫወት ረጅም ተጫዋች) ጆርጅ ማይካን ነበር። ሌከርስ ያን ቁጥር ከእንግዲህ ማንም አይለብሰውም ብሎ ማልያውን አዳራሹ ውስጥ የሰቀለው ኦክቶበር 30 ቀን 2022 ነው። ማይካን የመጨረሻውን ዋንጫ ካነሳ 68 ዓመት፣ ከሞተ ደግሞ 17 ዓመት አልፎ ነበር። ዋንጫዎቹን ለመቁጠር የዘገየ የለም፤ የዘገየው ሰውየውን መቁጠሩ ነው።

የምንጊዜም ምርጥ ተጫዋች ማን ነው የሚለው ክርክር በየወቅቱ ይነሳል። ጆርዳንና ሌብሮን ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ካሪም፣ ራስል፣ ዊልት፣ ማጂክና በርድ ይከተላሉ። ማይካን ላይ ሲደረስ «እሱ የድሮ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሊጉ ራሱ ግን እንዲህ አይልም። ኤንቢኤ በ25ኛ፣ በ35ኛ፣ በ50ኛ እና በ75ኛ ዓመቱ የምርጦችን ዝርዝር አውጥቷል። በአራቱም ላይ ስማቸው ያለ ተጫዋቾች አራት ብቻ ናቸው፦ ቢል ራስል፣ ቦብ ኩዚ፣ ቦብ ፔቲት እና ማይካን።

ችግሩ ያለው ሚዛኑ ላይ ነው። ዛሬ ተጫዋች የሚመዘንባቸው ነገሮች፣ ማለትም የዓመቱ ኮከብ ሽልማት፣ የፍጻሜ ጨዋታዎች ኮከብ፣ የታገዱ ኳሶች ቁጥርና ቪዲዮ፣ አብዛኞቹ የመጡት እሱ ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ነው። እሱን በትክክል ለመለካት ሁለት ነገር ማየት ያስፈልጋል፦ በራሱ ዘመን ከነበሩት በስንት ይርቅ ነበር? ጨዋታውስ እሱን ለመቋቋም ምን ያህል መለወጥ ነበረበት?

ረጅም መሆን ነውር በነበረበት ጊዜ

ማይካን ጁን 18 ቀን 1924 በኢሊኖይ ግዛት ጆሊየት ከተማ ተወለደ። ቁመቱ 2 ሜትር ከ8 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 111 ኪሎ ግራም ደረሰ። ዓይኑ ደካማ ስለነበረ ወፍራም መነጽር አድርጎ ነበር የሚጫወተው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ እንዲህ ያለ ሰው ለቅርጫት ኳስ አይፈለግም ነበር። አሠልጣኞች ረጅም ሰው ቀርፋፋ ነው፣ ኳስ ከእጁ ያመልጠዋል፣ ዞሮ አይወረውርም ብለው ያምኑ ነበር። ኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ሲሞክር አልተቀበሉትም። ከዚያ በፊትም ካህን ለመሆን አስቦ ቺካጎ ውስጥ በሴሚናሪ ተምሯል።

የተቀበለው የቺካጎው ዴፖል ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1942 የዴፖል አዲሱ አሠልጣኝ ሬይ ሜየር የ28 ዓመት ሰው ነበር። ሜየር ያየው እንደ ሌሎቹ የተንቀረፈፈ ወጣት ነው፤ ልዩነቱ መንቀርፈፉን በሥራ የሚድን ነገር አድርጎ ማየቱ ነው። ገመድ አዘለለው፣ ከጥላው ጋር ቦክስ አጋጠመው፣ እግሩ እንዲፍታታ ዳንስ እንዲማር አደረገው። በሁለቱም እጅ ሁክ ሾት፣ ማለትም ክንድን በራስ ላይ አዙሮ በአንድ እጅ የሚጣል ውርወራ፣ በየቀኑ አስደጋገመው። ዛሬ ቅርጫት ኳስ በሚሠለጠንበት ሁሉ «ማይካን ድሪል» እየተባለ የሚሠራው ልምምድ ከዚያ ጂም የወጣ ነው። ስሙን ከድሪሉ ውጭ የማያውቅ ተጫዋች ሞልቷል፤ ስለዚህ ድሪሉን በዝርዝር ማየት ሰውየውን ለማወቅም ይረዳል።

ተጫዋቹ ከቀለበቱ ሥር ግማሽ እርምጃ ያህል ወደ ፊት ወጣ ብሎ ይቆማል፤ ኳሱን በሁለት እጁ ከአገጩ በላይ ይይዛል። በግራ እግሩ ገፍቶ ወደ ቀኝ ይነሳል፣ ቀኝ ጉልበቱን ወደ ላይ ይስባል፣ በቀኝ እጁ ኳሱን ሰሌዳው ላይ በተሠመረው አራት ማዕዘን የላይኛው ቀኝ ጥግ አካባቢ ያሳርፋል። የአራት ማዕዘኑ ስፋት 59፣ ቁመቱ 45 ሳንቲ ሜትር ነው። ኳሱ መረቡን እንዳለፈ፣ መሬት ሳይነካ፣ በሁለት እጅ ይቀበለዋል። ሳያነጥርና ሳያወርድ ወደ ግራ ይሻገራል፤ አሁን የሚገፋው በቀኝ እግሩ፣ የሚወረውረው በግራ እጁ ነው። ይህን ለ30 ሰከንድ ወይም ለአንድ ደቂቃ ሳያቋርጥ ይደጋግማል።

በዚህ ልምምድ ብዙ ጊዜ የሚበላሹ ነገሮች ይታወቃሉ። ዋነኛው ኳሱን ከተቀበሉ በኋላ እስከ ወገብ ማውረድ ነው። በጨዋታ ላይ እዚያ ታች የአጫጭሮቹ እጅ አለ፤ ረጅሙ ሰው ቁመቱን በገዛ እጁ ጣለው ማለት ነው። ሌላው ልክ ቀለበቱ ሥር ገብቶ መዝለል ነው፤ ኳሱ የቀለበቱን ታች ይመታና ይመለሳል። በደካማው እጅ ሲደረስ እግር መሳሳትም የተለመደ ነው፤ በግራ እጅ እየወረወሩ በግራ እግር መነሳት ትከሻውን ወደ ኋላ ስለሚያዞረው ኳሱ ሰሌዳውን በኃይል ይመታል። ፍጥነት የሚጨመረው እነዚህ ከተስተካከሉ በኋላ ነው። ጀማሪዎች ግን ከመጀመሪያው ሰከንድ ይሮጡበታል፣ ከዚያም ድሪሉ አልሠራም ይላሉ።

ለማይካን ሠርቷል። በ1945 ዴፖል ኒውዮርክ ላይ ኤንአይቲ የተባለውን የኮሌጆች ውድድር ሲያሸንፍ፣ በግማሽ ፍጻሜው ከሮድ አይላንድ ጋር 97 ለ 53 ተለያየ። ማይካን ብቻውን 53 ነጥብ አገባ፤ የተጋጣሚው ቡድን በሙሉ ያገባው ያህል ነው።

ከሚፈርስ ሊግ ወደ ሌከርስ

በ1946 ከቺካጎ አሜሪካን ጊርስ ጋር ለአምስት ዓመት በ60,000 ዶላር ተፈራረመ። ጊርስ በ1947 ያኔ የነበረውን የኤንቢኤል ሊግ ዋንጫ ወሰደ። የክለቡ ባለቤት በዚህ ተበረታቶ ከሊጉ ወጣና የራሱን ሊግ አቋቋመ፤ አዲሱ ሊግ በሳምንታት ውስጥ ፈረሰ። ተጫዋቾቹ ለኤንቢኤል ክለቦች ሲከፋፈሉ የመጀመሪያው ምርጫ የደረሰው ለሚኒያፖሊስ ሌከርስ ነበር። ምክንያቱ አስቂኝ ነው። ሌከርስ የተቋቋመው ዲትሮይት ጄምስ የተባለውን ክለብ በመግዛት ነው፤ ጄምስ ደግሞ ባለፈው ዓመት 4 ጨዋታ አሸንፎ 40 የተሸነፈ ነበር። የሊጉ የመጨረሻ ቡድን ዕጣ ይዞ የሊጉን ምርጥ ተጫዋች ወሰደ።

ሌከርስ በ1948 የኤንቢኤል ሻምፒዮን ሆነ፤ ከዚያ ወደ ተቀናቃኙ ሊግ ቢኤኤ ተዛወረ፤ በ1949ም እዚያ አሸነፈ። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ሁለቱ ሊጎች ተዋሕደው ኤንቢኤ ተባሉ። ሁሉንም ስንደምር ማይካን ከ1947 እስከ 1954 ባሉት ስምንት የውድድር ዓመታት ሰባት ዋንጫ አንስቷል። ያመለጠው የ1951 ብቻ ነው፤ ሌከርስ በሮቸስተር ሮያልስ የተሸነፈው ማይካን በተሰበረ እግር እየተጫወተ ነው። በ1949 የፍጻሜ ጨዋታዎች ደግሞ ሬድ አወርባክ ከሚያሠለጥነው ዋሽንግተን ካፒቶልስ ጋር ሲጋጠሙ እጁ ተሰብሮ በጀሶ ታስሮ ገብቷል።

ብቻውን አልነበረም፤ ይህ መነገር አለበት። ከጎኑ እንደ ካንጋሮ ይዘላል የሚባለው ጂም ፖላርድ፣ ጉልበተኛው ቨርን ሚከልሰን እና ኳስ አከፋፋዩ ስሌተር ማርቲን ነበሩ፤ አሠልጣኙ ጆን ኩንድላ ነበር። ሁሉም ዛሬ በክብር አዳራሽ ውስጥ ናቸው። ነገር ግን ማይካን ሲወጣ ምን እንደሆነ እንይ። ሌከርስ ከ1954 በኋላ ዋንጫ ያየው በ1972 ነው። በመካከሉ ኤልጂን ቤይለርና ጄሪ ዌስት መጥተው በተደጋጋሚ ፍጻሜ ደርሰው ተመልሰዋል።

28.3 ነጥብ ስንት ነው?

የማይካን አማካይ በሊጉ 23.1 ነጥብ፣ ኳስ የማግባት መጠኑ 40.4 በመቶ ነው። የዛሬ ተመልካች ይህን ሲያይ መካከለኛ ተጫዋች ይመስለዋል፤ ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

በ1948–49 ማይካን በጨዋታ 28.3 ነጥብ ያገባ ነበር። በዚያ ዓመት አንድ ቡድን በአማካይ የሚያገባው 80 ነጥብ ነው። ማለትም ማይካን የአንድን ሙሉ ቡድን ምርት 35 በመቶ ያህል ብቻውን ያመጣ ነበር። ይህንኑ ስሌት በሌሎች ላይ ብንሞክር፣ ማይክል ጆርዳን በ1986–87 የነበረው 37.1 አማካይ ከሊጉ አማካይ 34 በመቶ ገደማ ነው። በ2023–24 አንደኛ የወጣው የሉካ ዶንቺች 33.9 ከ30 በመቶ ትንሽ ያንሳል። ማይካንን በግልጽ የሚበልጠው ዊልት ቻምበርሊን ነው፤ በ1961–62 ያገባው 50.4 ነጥብ 42 በመቶ ይሆናል። ስሌቱ ፍጹም አይደለም፣ የተጫወቱትን ደቂቃና የጨዋታውን ፍጥነት አይጨምርም። ግን «23 ነጥብ ብቻ» ከሚለው ንባብ በብዙ ይሻላል።

የማግባት መጠኑም እንዲሁ ነው። በዚያው በ1948–49 የሊጉ አማካይ 32.7 በመቶ ነበር፤ ማይካን 41.6 አገባ። ከዘጠኝ ነጥብ ጥቂት ያነሰ ብልጫ ነው። ዛሬ አማካዩ 47 በመቶ ገደማ በሆነበት ሊግ ይህ ልዩነት ወደ 56 በመቶ ይወስደዋል፤ ያውም በየኳሱ ሁለትና ሦስት ሰው እየተደረበበት። ከተከታዩ ያለው ርቀት ደግሞ ይብሳል። በ1950–51 ማይካን 28.4 ሲያገባ ሁለተኛ የወጣው አሌክስ ግሮዛ 21.7 ነበረው።

ሜዳውን ያሰፋው ሰው

ቁጥር ሊያከራክር ይችላል። ሕግ ሲለወጥ ግን ሊጉ ራሱ ምስክርነቱን ሰጠ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ለውጥ የመጣው ገና ኮሌጅ ሳለ ነው። ማይካን ቀለበቱ አጠገብ ቆሞ ወደ ታች የሚወርደውን ኳስ ከመግባቱ በፊት እየመታ ያወጣ ነበር። የኦክላሆማው ቦብ ኩርላንድም እንዲሁ ያደርግ ነበር። በ1944 የኮሌጅ ሕግ አውጪዎች መውረድ የጀመረን ኳስ መንካት ከለከሉ። ዛሬ ዳኛ ጎልቴንዲንግ ብሎ ሲያፏጭ የሚተገብረው ያን ክልከላ ነው።

ሁለተኛው የሜዳው ቀለም ነው። እስከ 1951 ድረስ ቅርጫቱ ፊት ያለው፣ «ቀለም» የሚባለው የሦስት ሰከንድ ክልል ስፋቱ 6 ጫማ፣ ማለትም 1.83 ሜትር ብቻ ነበር። አጥቂ እዚያ ውስጥ ከሦስት ሰከንድ በላይ መቆም አይችልም፤ ከመስመሩ ውጭ ግን እስከፈለገ መቆም ይችላል። እንግዲህ ማይካን ከመስመሩ ውጭ እግሩን ተክሎ ሲቆም ከቅርጫቱ መካከለኛ መስመር የሚርቀው 91 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ኳስ ይቀበላል፣ ክርኑን ከፍቶ ተከላካዩን ይይዛል፣ አንድ እርምጃ ዞሮ በሁክ ይጥላል። ዳኛውም ተከላካዩም ምንም ማድረግ አይችሉም። ኤንቢኤ ክልሉን ወደ 12 ጫማ፣ ማለትም 3.66 ሜትር አሰፋው፤ ሰዉም «የማይካን ሕግ» አለው። አሁን መቆሚያው በእጥፍ ራቀ፤ አንድ እርምጃ የነበረው ዙር ሁለት ሆነ፤ ለመደረብ ለሚመጣው ሁለተኛ ተከላካይም ጊዜ ተገኘለት።

ሕጉ ሠርቷል ወይ? በከፊል። አማካዩ ከ28.4 ወደ 23.8፣ የማግባት መጠኑ ከ42.8 ወደ 38.5 በመቶ ወረደ፤ የነጥብ አግቢዎችን አንደኝነትም ለፖል አሪዚን ለቀቀ። ሌከርስ ግን በሰፋው ክልል ተከታታይ ሦስት ዋንጫ ወሰደ። በአንድ ጨዋታ ያገባው ትልቁ ነጥብም፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 1952 ሮቸስተር ላይ ያስቆጠረው 61፣ የመጣው ከሕጉ በኋላ ነው። ማይካን ከቅርቡ ርቆ ሲገፋ ለሚከልሰንና ለፖላርድ ይበልጥ ማቀበል ጀመረ። በ1952–53 ደግሞ በሪባውንድ፣ ማለትም የተሳተ ኳስ በመሰብሰብ፣ የሊጉ አንደኛ ሆነ፤ በጨዋታ 14.4። ጠባብ ቀለም ብቻ ያነገሠው ሰው ቢሆን ኖሮ ያን ዓመት ማለቅ ነበረበት።

ሦስተኛው ታሪክ የአሠልጣኞች ተስፋ መቁረጥ ነው። ኖቬምበር 22 ቀን 1950 ፎርት ዌይን ፒስተንስ ሚኒያፖሊስ መጥቶ ኳሱን ይዞ መቆምን መረጠ። በዚያን ጊዜ ኳስ መያዝ የሚቻልበት የሰዓት ገደብ አልነበረም፤ ማይካን ኳስ ካልነካ አያገባም፣ እኛ ከያዝነው ደግሞ አይነካም የሚል ስሌት ነው። ተመልካቹ እያጉረመረመ ጨዋታው 19 ለ 18 በፒስተንስ አሸናፊነት አለቀ፤ እስከ ዛሬ በኤንቢኤ ታሪክ ዝቅተኛው ውጤት ነው። በአራተኛው ሩብ ሁለቱም ቡድኖች በድምሩ 4 ነጥብ ነው ያገቡት። ከሌከርስ 18 ነጥብ 15ቱ የማይካን ናቸው፤ ቡድኑ ከጨዋታ ያገባቸውን አራት ኳሶች ሁሉ ያስገባው እሱ ነው።

እንዲህ ያለው ኳስ መያዝና ሰዓቱን ለማስቆም የሚሠራው ጥፋት እየበዛ ሄዶ ሊጉን ሊገድለው ደረሰ። በ1954 የሰራኪውስ ናሽናልስ ባለቤት ዳኒ ቢያሶኒ መፍትሔ ይዞ መጣ። ጥሩ ጨዋታ ማለት ሁለቱ ቡድኖች በድምሩ 120 ያህል ኳስ የሚወረውሩበት ነው፤ ጨዋታው 48 ደቂቃ ወይም 2,880 ሰከንድ ነው፤ ለ120 ሲካፈል 24 ይሆናል። የ24 ሰከንዱ ሰዓት በገባበት በ1954–55 የቡድኖች አማካይ ነጥብ ከ79.5 ወደ 93.1 ዘለለ። ሰዓቱን የማይካን ሕግ ነው ማለት ማጋነን ነው፤ ያስፈለገበት ችግር ግን በከፊል እሱን ከመሸሽ የመጣ ነበር።

የሰመረ ሕግ ብቻ አይደለም የተሞከረው። ማርች 7 ቀን 1954 ሌከርስና ሚልዋኪ ሆክስ በይፋ የሊግ ጨዋታ 3.05 ሜትር በነበረው ቀለበት ፈንታ በ12 ጫማ፣ ማለትም በ3.66 ሜትር ቀለበት ተጫወቱ። ሌከርስ 65 ለ 63 አሸነፈ። ቀለበቱ ሲርቅ የሚሳት ኳስ ይበዛል፤ የሚሳተውን የሚሰበስበው ደግሞ ረጅሙ ሰው ነው። ሐሳቡ ያኔውኑ ተቀበረ።

ተቃውሞው የሚለው

ማይካንን በማሳነስ የሚከራከሩ ሰዎች ሁሉ ተሳስተዋል ማለት አይደለም። ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ የቆዳ ቀለም ጥያቄ ነው። ማይካን ነጥብ በማግባት አንደኛ በሆነባቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ሊጉ ውስጥ አንድም ጥቁር ተጫዋች አልነበረም። ኧርል ሎይድ የመጀመሪያው ሆኖ ሜዳ የገባው ኦክቶበር 31 ቀን 1950 ነው፤ ቻክ ኩፐርና ናት ክሊፍተንም በዚያው ዓመት ተከተሉ። ከዚያም በኋላ ለዓመታት ቁጥራቸው በጣት የሚቆጠር ነበር። ስለዚህ ማይካን የአገሪቱን ምርጦች ሁሉ አሸንፏል ማለት አይቻልም፤ ብዙዎቹ በሩ ተዘግቶባቸው ነበር።

ይህ እውነት ሆኖ፣ በሩ ውጭ ከነበሩት ጋር የተገናኘባቸው ጨዋታዎችም አሉ። ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1948 በቺካጎ ስታዲየም፣ በ17,823 ሰው ፊት፣ ሃርለም ግሎብትሮተርስ በኤርመር ሮቢንሰን የመጨረሻ ሰከንድ ውርወራ ሌከርስን 61 ለ 59 አሸነፈ። ማይካን 24 ነጥብ አግብቶ ነበር። ጥቁር ተጫዋቾች ከነጮቹ ሻምፒዮኖች አያንሱም የሚለውን ነገር ያ ምሽት ለሁሉ አሳየ። በኤፕሪል ደግሞ በዓለም የፕሮፌሽናል ውድድር ፍጻሜ ሌከርስ ሌላውን ታላቅ የጥቁሮች ቡድን ኒውዮርክ ሬንስን 75 ለ 71 ሲረታ ማይካን 40 ነጥብ አስቆጠረ። ከሁለቱ ውጤቶች የምንረዳው፣ ሊጉ ክፍት ቢሆን ፉክክሩ ይከብደው እንደነበር፣ ማይካን ግን ያኔም ከላይ ካሉት አንዱ እንደሚሆን ነው።

«ቁመቱ ነው እንጂ ችሎታ አይደለም» የሚለው ክርክር ይቀላል። በዚያ ዘመን ሌሎች ረጃጅሞች ነበሩ። ቻክ ሼር በ1950 ከሁሉ በፊት የተመረጠው በቁመቱ ነው፤ ዶን ኦተንም ከማይካን አያንስም ነበር። አንዳቸውም ሊጉ ሕግ እንዲያወጣ አላስገደዱም። ረጅም ሰው በሁለቱም እጅ በቅርበት ማግባት ከቻለ ቡድን ሁሉ በእሱ ዙሪያ መዋቀር እንደሚችል ያሳየው ማይካን ነው። የኋለኞቹ ሴንተሮች የመጡት በዚያ በር ነው።

የ24 ሰከንዱ ሰዓት ጉዳይ ላይ እርግጠኛ ሆኖ መናገር ያስቸግራል። ማይካን ጫማውን የሰቀለው ሰዓቱ ከመግባቱ በፊት ነው። በጃንዋሪ 1956 ተመልሶ 37 ጨዋታ ተጫውቶ 10.5 ነጥብ ብቻ አገባ፤ ተቺዎች ይህን ይዘው ፈጣኑ ጨዋታ አልፎት ነበር ይላሉ። ያ ሰው ግን ከአንድ ዓመት ተኩል ዕረፍት የተመለሰ፣ በተሰባበረ አካል ላይ ክብደት የጨመረ፣ የ31 ዓመት ሰው ነው። በእርግጥ በ25 ዓመቱም ቢሆን መሮጥ የሚወድ ተጫዋች አልነበረም፤ በፈጣን ጨዋታ አማካዩ ከፍ ከማለቱ ይልቅ ድካሙ ቀድሞ የሚመጣ ይመስለኛል።

መዝገቡ ላይ የሌለው

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለምን ተረሳ? ትልቁ ምክንያት መዝገቡ ጎዶሎ መሆኑ ነው። ሪባውንድ በይፋ መቆጠር የጀመረው በ1950–51 ነው፤ የተጫወቱት ደቂቃ ከአንድ ዓመት በኋላ፤ የታገደ ኳስ በ1973–74። ማይካን ስንት ኳስ እንዳገደ የሚያውቅ የለም። የዓመቱ ኮከብ ሽልማት የተጀመረው በ1955–56፣ የፍጻሜ ጨዋታዎች ኮከብ ደግሞ በ1969 ነው። በዛሬው መለኪያ የተጫዋችን ዋጋ በአንድ መስመር የሚናገሩት እነዚህ ሽልማቶች ናቸው፤ የማይካን መስመር ላይ ሁለቱም ዜሮ ናቸው። ሽልማቱ ከ1949 ጀምሮ ቢኖር ቢያንስ ሦስቱን እንደሚወስድ ብገምት ብዙ የሚከራከረኝ አይኖርም። የዘመኑ ሰዎች ግምት ግን ተመዝግቧል፤ በ1950 አሶሺየትድ ፕሬስ የግማሽ ክፍለ ዘመኑን ምርጥ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ሲያስመርጥ አንደኛ የወጣው እሱ ነው። ያኔ የኒውዮርኩ ቡድን ኒክስ የሚጫወትበት አዳራሽ የማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ማስታወቂያም «ጆርጅ ማይካን ከኒክስ ጋር» ብሎ ጽፎ ነበር፤ የሌከርስን ስም እንኳ አላነሳም።

ክለቡ በ1960 ወደ ሎስ አንጀለስ ሲሄድም ትዝታው ሚኒያፖሊስ ቀረ። ዛሬ ሐውልቱ ሁክ ሾት ሲወረውር የሚታየው በዚያችው ከተማ፣ በታርጌት ሴንተር መግቢያ ነው። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን የከተማዋን የኤንቢኤ ቡድን ቲምበርዎልቭስን ሊያዩ ሲገቡ በአጠገቡ ያልፋሉ። ማይካን ከጨዋታ በኋላ የሠራውም ስሙን ከፍ አላደረገለትም፤ በ1957–58 ሌከርስን አሠልጥኖ 9 አሸንፎ 30 ተሸነፈ፣ ከዚያ በፊት በ1956 ለኮንግረስ ተወዳድሮ ወደቀ። በስተርጅና የስኳር በሽታ አሠቃየው፤ በ2000 ቀኝ እግሩ ተቆረጠ፤ ኩላሊቱ በመሣሪያ የሚታጠብ ሆነ። ከ1965 በፊት ለተጫወቱት የሚከፈለው ጡረታ ከኋለኞቹ በብዙ ያነሰ ስለነበረ እስከ መጨረሻው ይሟገትበት ነበር። ጁን 1 ቀን 2005 ሲሞት የቀብሩን ወጪ የቻለው ሻኪል ኦኒል ነው።

ከ2022–23 ወዲህ ኤንቢኤ በዓመቱ ከሁሉ ለተሻሻለ ተጫዋች የሚሰጠውን ዋንጫ በማይካን ስም ሰይሞታል። ላውሪ ማርካነን፣ ታይሪስ ማክሲና ዳይሰን ዳንኤልስ ወስደውታል። ምርጫው ለዴፖሉ ወጣት ይስማማል። የሊጉ የመጀመሪያ ንጉሥ ስም የታደለው ለሁለተኛ ደረጃ ሽልማት መሆኑ ግን ይቆረቁራል፤ የዓመቱ ኮከብ ዋንጫ በጆርዳን፣ የዓመቱ አዲስ ተጫዋች በዊልት ስም ሲጠራ ለማይካን የተረፈው ይህ ነው።

እንዲያውም ከተጫዋችነቱ ውጭ ያደረገው አንድ ነገር ከዋንጫው ይልቅ በየምሽቱ ይታያል። በ1967 ተቀናቃኙ ሊግ ኤቢኤ ሲቋቋም የመጀመሪያው ኮሚሽነር ሆነ። ቡናማውን ኳስ ከሩቅ ለመለየት እሱም ተመልካቹም ይቸገራል ብሎ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ኳስ አስመረጠ። የግሎብትሮተርሱ አለቃ ኤብ ሳፐርስቲን ቀደም ብሎ በፈረሰ ሊጉ የሞከረውን የሦስት ነጥብ መስመርም አስገባ፤ አጭሩ ተጫዋች የማግባት ዕድል ያግኝ፣ ተከላካዩም ከቅርጫቱ ሥር ይውጣ በሚል። ዛሬ አንድ የኤንቢኤ ቡድን በጨዋታ ከ35 በላይ ኳስ ከዚያ መስመር ውጭ ይወረውራል። ኤንቢኤ መስመሩን የተቀበለው በ1979 ነው፤ ማይካን የኤቢኤን ሥራ ከለቀቀ አሥር ዓመት ሆኖት ነበር።